ቄጠማችን ከደጃችን ይብቀል

ርእሰ አንቀጽ

ባለፈው የበዓል ዋዜማ ከሠፈራችን መውጫ ላይ ቄጠማ ከሚሸጡት እናቶች አንዷ ዘንድ ቆመን ነበር። ከፊታችን የነበሩት አንዲት የማኅበራችን አባል እስሩን አንሥተው፣ መዘን መዘን አደረጉና፣ «እንዴ! ባለፈው ዓመት በዚህ ዋጋ የዚህን እጥፍ አልነበር እንዴ የወሰድኩት?» ብለው ተቆጡ። ሻጯ ግን አልተቆጡም። «እናቴ፣ እውነትዎን ነው፤ እስሩ ቀጠነ፣ ዋጋው ወፈረ። ግን ምን ላድርግ? ድሮ የምናጭድበት ረግረግ ላይ ዛሬ ቤት ተሠርቶበታል። አሁን ሌሊት ተነሥተን ሩቅ ነው የምንሄደው» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ገዢዋም አልተሳሳቱም፣ ሻጯም አልዋሹም። የተለወጠው መሬቱ ነው።

ይህ ወሬ ለምን በማኅበራችን ሰሌዳ ላይ ወጣ የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። በመጪው የሰኔ ስብሰባችን ላይ ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ ከዕድር ቤታችን አጥር እስከ ድልድዩ ድረስ ባለው የቦይ ዳር ምን እንትከል የሚለው ነው። ይህ ቦታ ምን እንዳደረገን ሁላችንም እናውቃለን። ከሁለት ዓመት በፊት ከመዋጮአችን ገንዘብ አውጥተን፣ ምንጣፍ የሚመስል ሣርና በፕላስቲክ ከረጢት የመጣ አበባ ገዝተን ተከልን። ክረምቱን እጅግ አማረ። አላፊ አግዳሚው ፎቶግራፍ ተነሣበት። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር ገባ፣ ውኃው እንደ ልማዱ በፈረቃ ሆነ። ሰው ለመጠጥ በጀሪካን ተሰልፎ እያለ ለሣር ውኃ የሚያጠጣ ማን አለ? ማንም የለም፣ መኖርም የለበትም። ጥር ላይ ሣሩ እንደ ገለባ ነጣ። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ የተራቆተውን አፈር ጎርፍ ይዞት ሄደ፤ የቦዩም አፍ በደለል ተደፍኖ ውኃው መንገድ ላይ ወጣ። የሁለት አባወራዎች የግቢ አጥር ተሰንጥቆ የቀረው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ይህ ዝግጅት ክፍል የሚያቀርበው ሐሳብ አጭር ነው። የቦዩን ዳር በቄጠማና በቄጠማ ዘመዶች እንትከለው። ውኃ የማያስለምን፣ አፈር የሚይዝ፣ ለወፉም ለእንቁራሪቱም ቤት የሚሆን፣ ሲደርስም ለበዓላችን የሚጎዘጎዝ ተክል ከደጃችን አለ። ከሩቅ አገር ማስመጣት አያሻንም።

በመጀመሪያ ቄጠማ ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ሣር ነው እንላለን። መልኩ ያሳስታል እንጂ ሣር አይደለም። እስቲ ለሙከራ አንዱን ዘንግ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ይዛችሁ አሽከርክሩት። የሣር አገዳ ክብ ነው፣ አንጓ አለው፣ ብዙውን ጊዜም ውስጡ ባዶ ነው። የቄጠማ ዘመዶች ዘንግ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ማዕዘን ነው፣ አንጓ የለውም፣ ውስጡም ድፍን ነው። ጣት ወዲያው ያውቀዋል። የዕፅዋት ሊቃውንት ይህን ወገን ከሣር ለይተው ለብቻው ቤተሰብ አድርገውታል፤ በዓለም ላይ ከአምስት ሺህ የሚበልጡ ዓይነቶች እንዳሉትም ይቆጥራሉ። ጣና ሐይቅ ላይ ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የዚህ ወገን ታላቅ ወንድም ነው፤ የጥንት ግብፃውያን ለጽሕፈት የተጠቀሙበትም ይኸው ደንገል ነው። በሆቴሎችና በትልልቅ ግቢዎች ፏፏቴ አጠገብ የምናየው፣ አናቱ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋው ጌጠኛ ተክልም ወገኑ ከዚሁ ነው። በእርግጥ ገበያ ላይ ቄጠማ ተብሎ የሚታሰረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ረዘም ያለ የረግረግ ሣርም ተደባልቆ ይገኝበታል። ነገር ግን የሦስት ማዕዘኑን ምልክት የያዘ ሰው የሚፈልገውን ለይቶ ያወጣል።

ሁለተኛ፣ ይህ ተክል ለእኛ ጌጥ ብቻ አይደለም። ቡና ሲፈላ ቄጠማ ካልተጎዘጎዘ ቡናው የተፈላ አይመስለንም። ለሠርግ፣ ለልደት፣ ለክርስትና፣ ለዒድ፣ እንግዳ ሲመጣ፣ ሁሉም ቤት በሩ ላይ የሚታየው እሱ ነው። በቅዳሜ ሹር ካህናቱ ለምለም ቄጠማ ለምእመናን ያድላሉ፤ ሕዝቡም በራሱ ላይ ያስረዋል። ምሳሌነቱም የጥፋት ውኃ መጉደሉን ለኖኅ ያበሠረችው ርግብ በአፏ የያዘችው ለምለም ቅጠል ነው። በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ዘመን ሲለወጥ ልጃገረዶች በጳጉሜን መስክ ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ አበባ ጋር ጎንጉነው ለቤት ምሰሶ ያስራሉ። እንግጫም የቄጠማ የቅርብ ዘመድ ነው። በዚህ ሠፈር ከየአገሩ መጥተን የተሰበሰብን ነን፤ ከጉራጌ የመጣው አለ፣ ከጎጃም የመጣው አለ፣ ከወሎም ከሸዋም አለ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም መስጊድ የሚሄደውም ጎን ለጎን ነው የሚኖረው። ቄጠማው ሲጎዘጎዝ ግን ሁላችንም አንድ ዓይነት ሽታ ነው የምናሸተው።

ታዲያ ዛሬ ምን እየሆነ ነው? አንዳንድ ቡና ቤቶች ከፕላስቲክ የተሠራ አረንጓዴ ምንጣፍ መዘርጋት ጀምረዋል። ርካሽ ነው፣ አይደርቅም፣ ታጥቦ ይመለሳል ይላሉ። በሰው ቤት ገብተን መፍረድ አይገባንም። ግን ያ ምንጣፍ አይሸትም። ሲያረጅም ተጠቅልሎ የሚጣለው እዚያው ቦያችን ውስጥ ነው፤ ቦዩን የሚደፍነውም እሱና ወገኖቹ ናቸው። ልጆቻችን የቄጠማን ሽታ ሳያውቁ ካደጉ ጥፋቱ የልጆቹ አይሆንም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። «ቄጠማ የረግረግ ተክል አይደለም እንዴ? ውኃ በሌለበት እንዴት ይበቅላል?» የሚሉ አባላት አሉ፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ይኸውና። የቄጠማ ወገን ሁሉ ረግረግ አይወድም። ደንገል እግሩ ውኃ ውስጥ ካልሆነ አይሆንለትም፤ እሱን ለጣና እንተውለት። ነገር ግን ከወገኑ ውስጥ በደጋ ጫካ ጥላ ሥር፣ በግጦሽ መሬት ላይ፣ በመንገድ ዳር ድንጋይ መካከል ጭምር የሚበቅሉ አሉ። ወደ እንጦጦ ወይም በወጨጫ ተራራ ወገብ ወዳለው የመናገሻ ሱባ ጫካ የሄደ ሰው በእግሩ ረግጧቸው አልፏል፤ ሣር መስለውት ነው እንጂ። የእነዚህ ምስጢራቸው ከመሬት በታች ነው። አግድም የሚሄድ ወፍራም ሥር አላቸው፤ በጋው ሲጠና ቅጠላቸው ይደርቃል፣ ሥራቸው ግን ይተኛል እንጂ አይሞትም። የመጀመሪያው የበልግ ጠብታ ሲወርድ ነቅተው ይነሣሉ። ያ የገዛነው ሣር ሞተ፤ ይኼኛው ይተኛል። ልዩነቱ ይኸው ነው።

የከተማችንም አየር ለዚህ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1 ሺህ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይጠቃለላል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም የፀሐይ ጊዜ ነው። ስለዚህ እኛ የሚያስፈልገን ተክል ለአራት ወር ጎርፍን የሚችል፣ ለቀሩት ወራት ደግሞ ጥምን የሚችል ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ የሚችል ጥቂት ነው። ጽጌረዳ ጎርፉን አይችልም፤ ቁልቋል ችሎ ቢቆይም አፈር አይይዝም። በዝናብ ጊዜ ረግረግ፣ በበጋ ደረቅ የሚሆነውን የቦይ ዳር ከጥንት ጀምሮ የለመደው የቄጠማ ወገን ነው። በውጭ አገርም ይህንኑ ተረድተውታል። በኒውዚላንድ የሚበቅሉ፣ ቅጠላቸው እንደ ነሐስ የሚቀላ የዚህ ወገን ተክሎች በአውሮፓና በአሜሪካ አትክልተኞች ዘንድ ተፈላጊ ሆነዋል፤ ውኃ በሚቸግርበት በካሊፎርኒያም በሣር ፈንታ የቄጠማ ወገን የሚተክሉ ብዙዎች ናቸው። እነሱ ከሩቅ በገንዘብ የሚያስመጡትን እኛ በነፃ ረግጠነው እናልፋለን።

ሦስተኛው ጉዳይ የእንስሳቱ ነው። ከከተማችን በስተ ምዕራብ፣ ከሆለታ ባሻገር፣ በርጋ የሚባል ረግረግ ሜዳ አለ። በዚያ በክረምት ወራት አንዲት ትንሽ ወፍ በረግረጉ ሣርና ቄጠማ መካከል ጎጆ ሠርታ ጫጩት ታሳድጋለች። ስሟ በሊቃውንት ዘንድ ሳሮትሩራ አይሬሲ ይባላል፤ ክንፏ ላይ ነጭ ምልክት ያላት፣ በሰው መዳፍ የምትያዝ፣ ከቄጠማው ወጥታ የማትታይ ዓይን አፋር ወፍ ናት። በዓለም ላይ የቀሩት እጅግ ጥቂት ስለሆኑ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግባለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ መራባቷ በ2018 እ.ኤ.አ. እስኪረጋገጥ ድረስ የመራቢያዋ ቦታ በእርግጠኝነት የሚታወቀው በኢትዮጵያ ብቻ ነበር። የሚያሰጋት ምንድን ነው ቢባል፣ የረግረጉ መድረቅ፣ የከብት ግጦሽና የሣሩ መታጨድ ነው። የበርጋ ገበሬዎች ይህን አውቀው በመራቢያዋ ወቅት ቦታውን ለመጠበቅ መደራጀታቸው ሊያስመሰግናቸው ይገባል።

ይህን ያነሣነው ያች ወፍ ወደ ኮልፌ ትመጣለች ለማለት አይደለም፤ አትመጣም። ያነሣነው ሒሳቡን ለማሳየት ነው። እኛ ለዘመን መለወጫ ቄጠማ የምንፈልገው በጳጉሜን ነው። የረግረግ ወፎች ጫጩት የሚያሳድጉትም በዚያው ክረምት ነው። በዚህ ትልቅ ከተማ ያለው ቤት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አንድ እስር ሲገዛ፣ ማጭዱ የሚያርፈው በከተማው ዙሪያ በቀሩት ጥቂት ረግረጎች ላይ ነው። ሻጮቹን መውቀስ ነውር ነው፤ እንጀራቸው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ሠፈር ከሚያስፈልገው ጥቂቱን እንኳ በደጁ ቢያበቅል ሸክሙ ከረግረጉ ላይ ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው ይባል የለ?

ለራሳችን ሠፈር የሚመጡ እንግዶች ደግሞ ሌሎች ናቸው። የቄጠማ ፍሬ ትናንሽ ወፎች የሚለቅሙት ነው። በጥቅጥቅ እግሩ ሥር እርጥበት ስለሚቆይ ትሉም ጢንዚዛውም እንቁራሪቱም እዚያ ይሸሸጋል። ጠዋት ጠዋት በሠፈራችን ላይ እየጮኸ የሚበርረው፣ ምንቃሩ ረጅምና ቆልመም ያለው፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ትልቁ ወፍ የሚመገበውም በእርጥብ አፈር ውስጥ ምንቃሩን እየሰደደ ነው። አንድ ነገር ግን ሳንሸሽግ እንናገር። ንብ ከቄጠማ ማር አታገኝም፤ የቄጠማ አበባ በነፋስ የሚራባ ስለሆነ ንብ የሚጠራ ማር የለውም። ስለዚህ በመካከሉ አደይ አበባና ጦስኝ ጣል ጣል ማድረግ ይገባናል። ቄጠማው ቤቱን ይሠራል፣ አበባው ማዕዱን ያቀርባል።

አራተኛው የአፈራችን ነገር ነው። ሠፈራችን ዳገት ነው። ከደጃችን የሚወርደው ጎርፍ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል፤ ትንሹ አቃቂ የከተማውን ምዕራብ አቋርጦ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል። ያ ግድብ የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ ነበር። ደለልና የጥገና ጉድለት አዳክመውት ለአሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ቆይቶ፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ነው ታድሶ ወደ ሥራ የተመለሰው። ያ ደለል ከሰማይ አልወረደም። ከእያንዳንዱ ዳገት፣ ከእያንዳንዱ ያልተተከለ የቦይ ዳር በአካፋ አካፋ የሄደ ነው። የቄጠማ ሥር እንደ መረብ የተጠላለፈ ስለሆነ አፈር ይይዛል፤ ዘንጉም የጎርፉን ጉልበት ይሰብራል፣ ደለሉም እዚያው ይቀራል። ከከተማ የሚወጣ ቆሻሻ ውኃ በደንገልና በቄጠማ መካከል ሲያልፍ ጠራ ብሎ እንደሚወጣም የታወቀ ነው። በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ ናኪቩቦ የሚባለው ረግረግ የከተማውን እድፍ ውኃ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት እያጣራ ለብዙ ዘመን አገልግሏል።

ከዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን፤ እናቶች በተለይ አስተውሉልን። ቄጠማ ቆሻሻውን አጣራ ማለት ቆሻሻውን በራሱ ውስጥ ያዘ ማለት ነው። ስለዚህ የሽንት ቤት ፍሳሽ ወይም የጋራዥ ዘይት በሚገባበት የወንዝ ዳር የበቀለው ቄጠማ አፈር እንዲይዝ ይቁም እንጂ ተቆርጦ ወደ ቤት አይግባ። ሕፃናት የሚድሁት በዚያ ጉዝጓዝ ላይ ነው። ለበዓል የምናጭደው የዝናብ ውኃ ብቻ በሚወርድበት በላይኛው የቦይ ዳርና በየግቢያችን ያበቀልነውን ነው። ይህ ልዩነት በምልክት ይለይ፤ ድልድዩ ሥር ያለው «የማይታጨድ»፣ ላይኛው «የሚታጨድ» ተብሎ።

ሌሎች ተቃውሞዎችም ደርሰውናል። አንደኛው «ቢንቢ ያፈራብናል» የሚል ነው። ቢንቢ የሚፈለፈለው በቆመ ውኃ ውስጥ ነው፤ ዛሬ ቦያችን ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት ታግዶ እንደቆመው ያለ ውኃ ውስጥ ማለት ነው። ተክል ያለበት ዳር ውኃውን ወደ አፈር ያስገባዋል። ውኃ ከሳምንት በላይ የቆመበት ጉድጓድ ካየን እንደፍነው፤ ጥፋቱ የቄጠማው አይሆንም። ሁለተኛው «እንግጫ ነው ብላችሁ አረም ታስገቡብናላችሁ» የሚል ነው። ይህን ያሉት አባት ገበሬ የነበሩ ናቸው፤ ልክ ናቸው። ከቄጠማ ወገን ውስጥ ሥሩ ላይ እንደ ፍሬ ያለ ትናንሽ እባጭ የሚያፈራ፣ አንዴ ከገባ የማይወጣ የእርሻ ጠላት አለ፤ በዓለም ላይ ካሉት ክፉ አረሞች ፊተኛ ተብሎ የሚቆጠረውም ከእነዚሁ አንዱ ነው። ስለዚህ ስንነቅል ሥሩን አራግፈን እንይ፤ እባጭ ያለው ከሆነ ወደ ጎመንና ወደ ድንች መደባችን አጠገብ አናስጠጋው። ሦስተኛው «እባብ ይገባበታል» የሚል ነው። ቁመቱ ከጉልበት በታች ሆኖ በየጊዜው የሚታጨድና ሰው የሚመላለስበት ዳር፣ ዛሬ እዚያው ካለው የፍርስራሽ ድንጋይ ክምር ይልቅ ለእባብ የሚመች አይደለም። ድንጋዩን አስቀድመን እናንሣ።

እንግዲህ አተካከሉን ባጭሩ እንንገራችሁ። ከሰኔ አጋማሽ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ባለው ጊዜ፣ መሬቱ ሲረሰርስ ይተከላል። ዘር መዝራት አያስፈልግም፤ አንድ ያደገ እግር በዶማ ከነአፈሩ ተነቅሎ፣ እያንዳንዱ ሦስት አራት ቡቃያና በቂ ሥር እንዲኖረው ተደርጎ በእጅ ይከፋፈላል። ከአንድ ጥሩ እግር እስከ አሥር ችግኝ ሊወጣ ይችላል። ቅጠሉ አንድ ስንዝር ቀርቶ ይቆረጥ፤ ይህ ሥሩ እስኪይዝ ውኃ እንዳያባክን ነው። በችግኝና በችግኝ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ተኩል ስንዝር ያህል ይተው። ረድፉ ቁልቁል አይሁን፤ የጎርፉን መንገድ አቋርጦ አግድም ይሁን፤ ሁለተኛው ረድፍም የመጀመሪያው ክፍተት ፊት ለፊት ይግባ። ሲተከል በእግር ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ነው። ማዳበሪያ አይፈልግም፤ ትንሽ ብስባሽ ካለ ይበቃል። በጥቅምት ዝናቡ ሲቆም ሥሩን በደረቅ ቅጠልና በአጨድነው ሣር መጎዝጎዝ ነው፤ ለሰው ቤት ጉዝጓዝ የሆነው ለራሱም ጉዝጓዝ ይሆነዋል። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ሳሙና የሌለበት የአትክልት እጣቢ ቢደፋለት ጥሩ ነው። ከሁለተኛው ዓመት በኋላ ለውኃ አይለምናችሁም። በበጋ ሲቢጫ «ሞተ» ብላችሁ እንዳትነቅሉት አደራ፤ ተኝቶ ነው።

ችግኙ ከየት ይመጣል? አንድ ነገር እንስማማ። ከቀሩት ረግረጎች ሄዶ መንቀል የለም። ረግረጉን ለማዳን ብለን ረግረጉን ብናራቁት በገዛ እጃችን ሥራችንን አፈረስን ማለት ነው። በሠፈራችን በብዙ ግቢዎች፣ በቧንቧ ሥርና በአጥር ጥግ የበቀለ አለ፤ ከየግቢው አንድ አንድ እግር ቢዋጣ ለመጀመሪያው ረድፍ ይበቃል። የቀረው ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት ከራሱ ተከፋፍሎ ይወጣል።

የመጨረሻውና ከሁሉ የሚከብደው የአጨዳው ሕግ ነው። የበዓል ዋዜማ ሲደርስ ማጭድ ይዞ የሚመጣው ብዙ ነው፤ ሕግ ከሌለ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ለዚህ ትምህርት የሚሆነን የመንዝ ሕዝብ ነው። በሰሜን ሸዋ በመንዝ ጓሳ የሚባለውን ሣር ሕዝቡ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ጠብቆ ኖሯል። ጓሳ የቄጠማ ወገን አይደለም፣ ሣር ነው፤ ሕጉ ግን ይስማማናል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፤ ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ሁሉም በድርሻው ያጭዳል፤ ከዚያ ዳግም ይዘጋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ያ ሥርዓት ፈርሶ ነበር፤ ሕዝቡ ግን በአዲስ መልክ አቋቁሞት ቦታው ዛሬም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። የመንዝ ገበሬ ይህን ያህል ሰፊ ተራራ በስምምነት ከጠበቀ፣ እኛ አንዲት የቦይ ዳር መጠበቅ ያቅተናል?

ስለዚህ ለስብሰባው የምናቀርበው ሕግ እንዲህ የሚል ነው። በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያጭድ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ መደቡ ለሁለት ተከፍሎ፣ በአንድ በዓል አንዱ ግማሽ ብቻ ይታጨድ፤ ሌላው ግማሽ ለወፉ ፍሬና መሸሸጊያ ሆኖ ይቁም። ማጭዱ ከመሬት አንድ ስንዝር በላይ ይረፍ። ከታጨደው ውስጥ አስቀድሞ ለሐዘን ቤትና ለአቅመ ደካማ አባላት ይሰጥ፤ የቀረው በመዝገብ በተራ ይታደል። ለሽያጭ አይውል። ቄጠማ ሻጮቹ እናቶች ግን በዚህ እንዳይጎዱ፣ ችግኝ የማከፋፈሉንና የመኮትኮቱን ሥራ ከማኅበሩ የልማት ገንዘብ ተከፍሏቸው እነሱ እንዲሠሩት ዝግጅት ክፍሉ ያሳስባል። ከእኛ ይልቅ ቄጠማን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የተከበራችሁ አባላት፤ ባለፈው ጊዜ ለሣር ያወጣነው ገንዘብ ከጎርፉ ጋር ሄዷል። አሁን የምንጠይቃችሁ ገንዘብ አይደለም። ከየቤቱ አንድ እግር ቄጠማና የአንድ እሑድ ጠዋት ጉልበት ነው። በሰኔ የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በዕድር ቤቱ ቅጥር ግቢ እንገናኝ። ዶማ ያለው ዶማ፣ አካፋ ያለው አካፋ ይዞ ይምጣ። የተቃወማችሁም ኑ፤ ተቃውሟችሁን ከላይ እንደጻፍነው በሰሌዳ ሳይሆን በቃል እንስማው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በጳጉሜን መጨረሻ፣ ልጆቻችን ከደጃቸው እርጥብ ቄጠማ ታቅፈው ሲገቡ ያን ጊዜ ማንም እስር አንሥቶ አይመዝንም።

ዝግጅት ክፍሉ